የመጀመሪያው ሳምንት፦ ዲስኒላንድ ሲከፈት መጫወቻዎቹ ምን ገጠማቸው?

አንድ አባት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ ይበላል። ሁለት ሴት ልጆቹ የሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ናቸው። ቦታው ሎስ አንጀለስ፣ ግሪፊዝ ፓርክ ነው። ልጆቹ ዙራቸውን እስኪጨርሱ አባትየው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ሌላ የሚሠራው ነገር የለም። ይህ ሰው የካርቱን ፊልም ሠሪው ዋልት ዲስኒ ነው። ወላጅና ልጅ አብረው የሚጫወቱበት ቦታ ለምን የለም ብሎ ማሰብ የጀመረው እዚያ ወንበር ላይ እንደሆነ በኋላ ራሱ ተናግሯል።

ልጅ ይዞ መጫወቻ ቦታ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ያንን ወንበር ያውቀዋል። ቦርሳና ጃኬት ጠባቂ ሆኖ መዋል ማለት ነው። እኔን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ግን ወንበሩ አይደለም። ከወንበሩ የተነሳው ሐሳብ ዲስኒላንድ የተባለ መጫወቻ ፓርክ ሆኖ መሬት የነካበት የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ያን ሳምንት ብዙው ነገር አላለቀም ነበር። ያለቀውም ቶሎ ቶሎ ተሰበረ። የትኛው መጫወቻ ተጠግኖ እስከ ዛሬ ኖረ፣ የትኛው ጠፋ፣ ለምን? ይህን አንድ በአንድ ሳይ ስለ ልጆችና ስለ ጨዋታ ብዙ ነገር ተማርኩ።

ፓርኩ የተሠራበት ቦታ አናሃይም ይባላል። ከሎስ አንጀለስ መሃል በስተ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው ሊትል ኢትዮጵያ ተነስቶ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ያኔ 160 ኤከር፣ ማለትም ወደ 65 ሄክታር የሚጠጋ፣ በአብዛኛው የብርቱካን እርሻ ነበር።

ገንዘብ ማግኘቱ ቀላል አልነበረም። ዋልት የሕይወት ኢንሹራንሱን አስይዞ ተበደረ። ፓልም ስፕሪንግስ የነበረውን ቤቱንም ሸጠ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1953 ኸርብ ራይማን የተባለ ሠዓሊ ቅዳሜና እሑድን ቁጭ ብሎ የፓርኩን ትልቅ ሥዕል ሣለ። የዋልት ወንድም ሮይ ያንን ሥዕል ይዞ ኒው ዮርክ ሄደ። በመጨረሻ ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ 500,000 ዶላር አውጥቶ፣ ለተጨማሪ ብድር ዋስ ሆኖ፣ ከድርጅቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ድርሻ ወሰደ። ዋልት ደግሞ በየሳምንቱ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሊያቀርብ ቃል ገባ።

ግንባታው የተጀመረው በ1954 ክረምት ነው። መክፈቻው በዓመቱ። ወጪው 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። አንድ ዓመት! ወንዝ መቆፈር፣ ባቡር መሥራት፣ ጫካ መትከል፣ መርከብ መገንባት፣ ሁሉም በአንድ ዓመት።

የመክፈቻው ቀን ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 17 ቀን 1955፣ እሑድ ነበር። የተጠሩት ጋዜጠኞችና እንግዶች ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ፎርጅድ ትኬት ከተማውን ሞልቶት ነበር። ከተጠራው ሰው እጥፍ የሚሆን፣ ወደ 28,000 የሚጠጋ ሕዝብ ገባ። ሙቀቱ ወደ 38 ዲግሪ ደርሷል። አስፋልቱ የተነጠፈው በዚያው ጠዋት ስለነበር የሴቶቹ ታኮ ጫማ እየሰመጠ ይቀር ነበር። የቧንቧ ሠራተኞች አድማ ላይ ስለሰነበቱ ከመጠጥ ውኃና ከሽንት ቤት አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ። ዋልት ሽንት ቤቱን መረጠ። ትክክል ይመስለኛል፤ ለስላሳ መግዛት ይቻላል፣ ሌላው ግን በገንዘብ አይገኝም። ሰዉ ግን በዚያ ፀሐይ ውኃ ሲያጣ ሆን ተብሎ ለስላሳ እንዲሸጥ የተደረገ መሰለው። ከሰዓት በኋላ የጋዝ ፍሳሽ ተገኝቶ ፋንታሲላንድ የተባለው ክፍል ለጊዜው ተዘጋ። ይህ ሁሉ በቀጥታ በቴሌቪዥን እየተላለፈ ነው። ከሦስቱ የፕሮግራሙ አቅራቢዎች አንዱ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን ነበር። ሠራተኞቹ ያንን ቀን “ጥቁሩ እሑድ” እያሉ ነው የሚያነሱት።

በማግስቱ ሰኞ በሩ ለሕዝብ ተከፈተ። ትክክለኛው ፈተና ያኔ ጀመረ።

አውቶፒያ የተባለው የመኪና መጫወቻ ላይ ቆም ልበል፤ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው። ሐሳቡ የሚያምር ነበር። ልጆች እውነተኛ ሞተር ያላቸውን ትንንሽ መኪኖች ይነዳሉ። መንገዱ የአዲሱ ዘመን ፈጣን አውራ ጎዳና ተምሳሌት ነው። አሜሪካ ከተማዎቿን በትልልቅ አውራ ጎዳናዎች ለማገናኘት የወሰነችበት ሕግ የወጣው በዓመቱ፣ በ1956 ነው። ዋልት ልጆቹ መንገድን ማክበር ከወዲሁ ይማራሉ ብሎ ተስፋ አድርጓል። የመኪኖቹን አካል የነደፈው ቦብ ጉር የተባለ ወጣት ነው። አካላቸው ፋይበርግላስ ነው፤ ዙሪያቸውን ፓራውልት ተደርጎላቸዋል። መሃል መንገዱ ላይ ግን መኪናውን መስመሩን እንዳይስት የሚይዝ ሀዲድ አልነበረም። ልጁ በእርግጥ ይነዳል።

እስቲ አስቡት። የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የኋላ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። አሁን መሪው በእጁ ነው፤ እግሩ ነዳጅ ላይ ነው። ከፊቱ ወንድሙ በሌላ መኪና እየሄደ ነው። ምን ያደርጋል? ይገጨዋል! በዓለም ላይ ያለ ልጅ ሁሉ ይገጨዋል።

እንደዚያም ሆነ። ልጆቹ ተጋጩ፣ ዞረው ወደ ኋላ ነዱ፣ እንደገና ተጋጩ። ሳምንቱ ሳያልቅ አብዛኞቹ መኪኖች ከጥቅም ውጪ ሆኑ። ቦብ ጉር እንደሚተርከው፣ ዋልት መጥቶ ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀው። ጉር ጋራዥም መካኒክም እንደሌለ ነገረው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ትራክተር ትንሽ የእንጨት ቤት እየጎተተ መጣ። ጋራዡ የት ይቀመጥ ተባለ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ትራክተሩ ዓይኔ ላይ ይሄዳል። እንዴት ጋራዥ ይረሳል ብሎ ሰው ላይ የጮኸ የለም፤ ቤቱ ተጎትቶ መጣ፣ ሥራው ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ መኪኖቹ ስንት ጊዜ ተቀየሩ! አዲስ ሞዴል ይወጣል፣ ልጆቹ ይሰብሩታል፣ ጠንከር ያለ ሌላ ይሠራል። የመሃል ሀዲዱ የገባው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ዛሬ ሄዳችሁ ብትቀመጡ መሪውን ወደ ግራ ስታዞሩት መኪናው ትንሽ ይሄድና ከሥር ጎማው ሀዲዱን “ኳ” ሲያደርገው ይሰማችኋል። ወደ ቀኝ ስታዞሩትም እንዲሁ። ነፃነቱ የአንድ ክንድ ያህል ነው። የመጀመሪያዎቹ ልጆች የነበራቸው ሙሉ ነበር። ሀዲዱ መግባቱ ተገቢ ነው፤ ልጅ መጎዳት የለበትም። የዚያ ሳምንት ልጆች ግን እድለኞች ነበሩ ከማለት አልቦዝንም።

ከዚህ ጋር አስተያዩት፦ የሻይ ስኒዎቹ። ትልቅ ክብ መድረክ ይዞራል። መድረኩ ላይ ሦስት ትንንሽ መድረኮች አሉ፤ እነሱም ይዞራሉ። እያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ስኒ ተሸክመዋል፤ በጠቅላላ 18። ስኒው ውስጥ ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ መሃላቸው እንደ መሪ ያለ ክብ አለ። እሱን ስታዞሩ ስኒው በራሱ ላይ ይሽከረከራል። ጠንክራችሁ ካዞራችሁ ሰማይና ምድር ይደበላለቃል። ዝም ካላችሁ ቀስ ብሎ ይሄዳል። እዚህም መሪው የልጁ ነው። ልዩነቱ ልጁ የፈለገውን ያህል ቢያዞር ስኒው የትም አለመሄዱ ነው። ማንንም አይገጭም። ብዙ ጌጥ የለውም፣ የሚተረክ ታሪክም የለውም ማለት ይቻላል። ግን ከመክፈቻው ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ወረፋ አለው። አባትና ልጅ አንድ ክብ ይዘው በጋራ የሚታገሉበት መጫወቻ ነው። የግሪፊዝ ፓርክ ወንበር መልስ ያገኘው እዚህ ይመስለኛል።

ስኒዎቹንና ሌሎች የፋንታሲላንድ ጋሪዎችን የሠራው አሮው ዲቨሎፕመንት የሚባል ድርጅት ነው። ማውንቴን ቪው በተባለች የካሊፎርኒያ ከተማ የነበረ አነስተኛ ወርክሾፕ ነበር። ኤድ ሞርጋንና ካርል ቤከን ከመሥራቾቹ መካከል ናቸው። እነዚሁ ሰዎች በ1959 እዚያው ፓርክ የተከፈተውን፣ ማተርሆርን የተባለውን የሚምዘገዘግ መጫወቻ ባቡር ሀዲድ ከብረት ቱቦ ሠሩት። ዛሬ በየአገሩ ሰው የሚጮህባቸው ተጠማዛዥ የብረት ሀዲዶች የዚያ ሥራ ልጆች ናቸው።

ፈረሶቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ዋልት ከካናዳ፣ ከቶሮንቶ፣ ሰኒሳይድ ከተባለ የሐይቅ ዳር መዝናኛ ያገለገለ ማሽከርከሪያ ገዛ። በ1922 የተሠራ ነው። ፈረስ ብቻ ሳይሆን የተለያዩ እንስሳትም ነበሩበት። ዋልት ሁሉም ፈረስ ይሁን አለ፤ ሁሉም የሚጋልብ። ቆመው የነበሩት ፈረሶች እግር ተቀየረ። ከሌላ ቦታ ተጨማሪ ፈረስ ተገዛ፤ 72 ሆኑ። የትኛውም ልጅ “የእኔ አይነቃነቅም” ብሎ እንዳያለቅስ! ከማሽከርከሪያው የተነሱት ያጌጡ መቀመጫዎች ደግሞ አልተጣሉም። ኬሲ ጁኒየር ለተባለው ትንሽ ባቡር ፉርጎ ሆኑ። ያ ባቡር ለመክፈቻው አልደረሰም፤ ለሕዝብ የተከፈተው በጁላይ መጨረሻ ነው። የሚበሩት ዝሆኖች ደግሞ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቆዩ። ጆሯቸው እንዲርገበገብ ታስቦ ነበር፤ አልሆነም።

ወንዙ ጋ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር። ግንባታውን የሚመራው ጆ ፋውለር፣ ከባሕር ኃይል በጡረታ የወጣ አድሚራል ነው። ለትልቁ መርከብ ወንዝ ተቆፈረ፤ ውኃ ተለቀቀ። መሬቱ አሸዋማ ስለነበር ጠጣው። የሸክላ አፈር ተፈልጎ፣ ወለሉ ላይ ተደልድሎ፣ እንደገና ተሞላ። ያኔ ያዘ። ማርክ ትዌይን የተባለው መርከብ እውነተኛ የእንፋሎት ሞተር አለው፤ መንገዱን የሚመራው ግን ውኃው ሥር የተቀበረ ሀዲድ ነው። ከመክፈቻው አራት ቀን በፊት ዋልትና ባለቤቱ ሊሊያን 30ኛ የጋብቻ በዓላቸውን እዚያ ላይ አከበሩ። ሊሊያን ቀደም ብላ ስትደርስ መርከቡ ገና በአናጺዎች ፍርስራሽ ተሞልቶ ነበር። መጥረጊያ አንስታ ከአድሚራሉ ጋር ወለሉን ጠረገች። የመክፈቻው ዕለት ደግሞ ስንት ሰው ይያዝ ብሎ የቆጠረ አልነበረም። ከአቅሙ በላይ ሰው ተጭኖ ውኃው የታችኛውን ወለል አጠበው።

የጫካው ጀልባ ጉዞ ላይ ዋልት እውነተኛ እንስሳት ፈልጎ ነበር። አዋቂዎች ግን መከሩት፦ እንስሳት ቀን ይተኛሉ፣ ወይ ይደበቃሉ። ጠዋት የመጣው ጎብኚ ጉማሬ አይቶ ቢሄድ ከሰዓት የመጣው ባዶ ውኃ አይቶ ይመለሳል። ስለዚህ በሞተር የሚንቀሳቀሱ እንስሳት ተሠሩ። ብልህ ውሳኔ ነበር፤ ትኬቱን የቆረጠ ሁሉ ጉማሬውን ያያል።

ጫካው ግን እውነተኛ ነው። ቢል ኤቫንስ የተባለ አትክልተኛ ሎስ አንጀለስ አካባቢ አዳዲስ አውራ ጎዳናዎች ሲቀደዱ ሊቆረጡ የነበሩ ዛፎችን እየዞረ ሰበሰበ። የእርሻውን የብርቱካን ዛፎች ነቅሎ ገልብጦ ተከላቸው። ሥሩ ወደ ላይ ሲሆን የማይታወቅ የሩቅ አገር ዛፍ ይመስላል። የሚተርፉት ዛፎች ላይ አንድ ቀለም ጨርቅ፣ የሚነቀሉት ላይ ሌላ ቀለም ታስሮ ነበር፤ ቡልዶዘር የሚነዳው ሰው ግን ቀለም አይለይም ነበርና ሁሉንም ነቀላቸው የሚል ታሪክም ይተረካል። ገንዘቡ ሲያልቅ ደግሞ ባዶ ቦታ የወረረው አረም ላይ የላቲን ስም የተጻፈበት ምልክት እንዲተከልበት ተደረገ። ጎብኚው አረሙን ብርቅ ተክል እያሰበ ያልፋል።

አንድ ዛፍ ግን እንዲቆይ ተለምኖ ቆይቷል። ከመሬቱ ሻጮች አንዱ የዶሚንገዝ ቤተሰብ፣ በ1896 ለሠርግ ስጦታ የተተከለ የቴምር ዛፍ እንዲጠበቅላቸው ጠየቁ። ተዛውሮ በጫካው ጉዞ አቅራቢያ ተተከለ፤ አሁንም አለ። የቤተሰቡ ልጅ ሮን ዶሚንገዝ በመክፈቻው ቀን በር ላይ ትኬት ተቀባይ ሆኖ ሥራ ጀመረ። አድጎ የድርጅቱ ከፍተኛ ኃላፊ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው። ተወልዶ ባደገበት መሬት ላይ!

ጨለማ ውስጥ የሚሄዱት ሦስቱ መጫወቻዎች፣ በካርቱን ባለታሪኮች የተሰየሙት የፒተር ፓን፣ የስኖው ዋይትና የሚስተር ቶድ፣ ሌላ ዓይነት ችግር ገጠማቸው። ማሽኑ አልተሰበረም፤ ሐሳቡ ነው ያልተግባባው። የፒተር ፓን መርከቦች ከላይ ካለ ሀዲድ ተንጠልጥለው ነው የሚሄዱት፤ እግር ሥር የሌሊቷ ለንደን ትታያለች። ንድፍ አውጪዎቹ ጎብኚው ራሱ ባለታሪኩ እንዲሆን ፈልገው ነበር። በራሪው አንተ ነህ፣ ጠንቋይዋ የምታሳድደው አንቺን ነው። ስለዚህ ስኖው ዋይትን በስኖው ዋይት መጫወቻ ውስጥ አላስገቧትም። ሰው ወጥቶ “የታለች?” አለ። ይህ ጥያቄ ለዓመታት አልቆመም። በ1983 ፋንታሲላንድ ሲታደስ ባለታሪኮቹ ገቡ። ሕዝቡ የጠየቀውን አገኘ፤ እኔ ግን የመጀመሪያው ሐሳብ ያሳዝነኛል። ልጅን “ታሪኩ ያንተ ነው” ብሎ ጨለማ ውስጥ መላክ ደፋር ሐሳብ ነበር።

ያልተረፉትም አሉ። በፈረስ የሚጎተቱት ሠረገላዎች ከላይ ከባድ ነበሩ፤ ፈረሶቹ በባቡሩ ፊሽካ ይደነብራሉ፤ ሠረገላው ይገለበጣል። በ1959 ቀሩ። ፋንተም የተባሉት ጀልባዎች ከተከፈቱ በዓመቱ ገደማ ተዘጉ፤ በፓርኩ ለዘለቄታው የተዘጋ የመጀመሪያው መጫወቻ እነሱ ናቸው። 

የገንዘቡ ነገርም በዚያው ወቅት ተስተካከለ። መጀመሪያ ለመግቢያ አዋቂ 1 ዶላር፣ ልጅ 50 ሳንቲም ይከፍላል። ከዚያ ለእያንዳንዱ መጫወቻ ለብቻ ይከፈላል። አምስት ልጅ ያለው አባት በየመስኮቱ ቆሞ ኪሱን ሲዳብስ ይውላል። በጥቅምት 1955 የትኬት ደብተር መጣ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ትኬቶች፣ እንደ መጫወቻው ደረጃ። በኋላ ዲ፣ በ1959 ደግሞ ኢ ተጨመረ። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ እጅግ ምርጥ የሆነ ነገርን “የኢ ትኬት ነው” የሚሉት ከዚህ የመጣ ነው። ከዚህ ሁሉ ግርግር ጋር አንድ ሚሊዮንኛው ጎብኚ የገባው ሁለት ወር ሳይሞላ ነበር።

የምጨርሰው ከሁሉ በተዋረደው መጫወቻ ነው። የዓለም ቦይ ጀልባዎች ይባል ነበር። ሐሳቡ ጀልባ ላይ ሆኖ የዓለምን ታዋቂ ቦታዎች በትንሹ ተሠርተው ማየት ነው። ገንዘቡም ጊዜውም አለቀ። ሕዝቡ ጀልባው ላይ ወጥቶ የሚያየው ያልተተከለበት የአፈር ጉብታ ብቻ ነበር። ሞተሮቹ ይግላሉ፣ መሃል ላይ ይቆማሉ፤ ሠራተኞቹ ጀልባውን ጎትተው ያወጣሉ። እነሱው “የጭቃው ዳር ጉዞ” ብለው ስም አወጡለት። መስከረም ላይ ተዘጋ።

በሰኔ 1956 ተመልሶ ተከፈተ። ጉብታዎቹ ላይ ከካርቱን ታሪኮች የተወሰዱ ትንንሽ መንደሮች ተሠርተዋል። ቤቶቹ ከእውነተኛ ቤት 12 ጊዜ ያንሳሉ። በራቸው ይከፈታል፣ መስኮታቸው መስታወት አለው። ዛፎቹ እውነተኛ ናቸው፤ በእንክብካቤ እንዳያድጉ ተደርገው የተያዙ። ጀልባው ያለ ብዙ ድምፅ በአጠገባቸው ያልፋል። አትክልተኞቹ ጠዋት ጠዋት፣ በሩ ሳይከፈት፣ በመቀስ ይከረክሟቸዋል።